የታደሰ የድሮ መኪና ሲመዘን

የታደሰ የድሮ መኪና የሚመዘነው ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት ከነበረው መልክና አሠራር ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ታይቶ ነው። ማብረቅረቅ ብቻውን ነጥብ አያስገኝም፤ ፋብሪካው ባልሰጠው ድምቀት የተቀባ መኪና አዋቂ ዓይን ፊት ይወድቃል። በካሊፎርኒያ ፔብል ቢች የጎልፍ ሜዳ ላይ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው ታዋቂ ውድድር እያንዳንዱ መኪና በ100 ነጥብ ይነሣና በየጉድለቱ ይቀነስበታል።

ምርመራው ከላሜራው ይጀምራል። ከመኪናው ጎን ቁጢጥ ብሎ በሩ ላይ ያረፈውን የዛፍ ወይም የሕንፃ ነጸብራቅ መከተል ጥሩ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ካለፈ ቅጥቀጣው የተዋጣለት ነው፤ ከተወላገደ ግን ከቀለሙ ሥር ያልጠፋ የመዶሻ ምት ወይም ወፍራም ስቱኮ አለ። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ስቱኮ ያለበት ቦታ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። ይህ ግን ለብረት ላሜራ ብቻ ነው፤ በ1930ዎቹ በእጅ የተሠሩ ብዙ ውድ መኪኖች አካላቸው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔቱ አይዛቸውም።

ዘመን የሚጋጨው በብዛት ትንንሽ ዕቃዎች ላይ ነው። ክሮም በመኪና ላይ የተስፋፋው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ኒኬል ሲሆን፣ እሱም ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ መልክ አለው። ክሮም ቀዝቃዛና ሰማያዊ ቀመስ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አይምታታበትም። የፎርድ ሞዴል ቲ የራዲያተር ክፈፍም ከ1917 ሞዴል ጀምሮ ነሐስ መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ሆነ። ስለዚህ የነሐስ ራዲያተር ያለው የ1920 ሞዴል ቲ ምንም ቢያምር ስህተት ነው። በመስቀለኛ ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎንም ወደ መኪና ፋብሪካ የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነውና የ1925 መኪና ላይ ከተገኘ ያሳጣል። ኮፈኑ ሲከፈት በጨርቅ የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ ሽቦ ካለ ጥድፊያ ነበር ማለት ነው።

ሞተሩ መነሣት፣ መብራቱ መብራት፣ ጥሩምባው መጮህ አለበት። በፔብል ቢች ከውድድሩ ቀደም ብሎ የመንገድ ጉዞ ይደረጋል፤ በአንድ ምድብ ሁለት መኪኖች እኩል ነጥብ ሲያመጡ ጉዞውን የጨረሰው ይቀድማል። ይህ ደንብ ተገቢ ነው፤ መኪና የተሠራው ለመሄድ ነውና።

የታደሰ አሮጌ መኪና በዚያ ሜዳ አዲስ መኪኖችን አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናውን ሽልማት የወሰደው በ1955፣ ኋላ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነው ፊል ሂል ባቀረበው የ1931 ፒርስ-አሮው ነበር። በ2024 ደግሞ ዋናውን ሽልማት ሳይታደስ የተጠበቀ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ፤ የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ 3ኛ ይዞት የነበረ የ1934 ቡጋቲ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የሚመረመረው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ የሚፈለገው የእርጅናው ስምምነት ነው። የፍሬኑ መርገጫ አልቆ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ያልተሸበሸበ እንደሆነ፣ ወይም የበሩ እጀታ ተፍቆ መሪው እንደ አዲስ ከሆነ፣ አንደኛው ኋላ የመጣ ዕቃ ነው።