የለውጡ መዝገብና የለዋጩ ምክንያት

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ዋና ክፍል፥ ማለት ከርነሉ፥ የአንድ ኩባንያ ሥራ አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በ1991 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከጀመሩት ወዲህ፥ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች አስፋፍተውታል። ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ማንም ሊያነበው፥ ማንም እርማት ሊያቀርብበት ይችላል። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ተረት ለዚህ ሥራ ይስማማል። ዳሩ ግን ከሎሚዎቹ አንዱ የበሰበሰ ቢሆን ማን እንዳመጣውና ለምን እንዳመጣው ማወቅ ያስፈልጋል። የለውጥ መዝገብ ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው።

እስከ 2002 ድረስ እርማቶች በኢሜል እየተላኩ ቶርቫልድስ በየጊዜው ያስገቧቸው ነበር። በዚያ ዓመት ቢትኪፐር በተባለ መሣሪያ መጠቀም ጀመሩ፤ መሣሪያው የኩባንያ ንብረት ስለ ነበረ ግን በ2005 በነፃ የመጠቀሙ ፈቃድ ተነሣ። ወዲያው በኤፕሪል ወር ቶርቫልድስ ራሳቸው ጊት የተባለውን መዝጋቢ ጻፉ።

የጊት ምስጋና የሚገባው ነው። እያንዳንዱን ለውጥ ከጸሐፊው ስም፥ ከቀኑና ከማብራሪያው ጋር ይይዛል፤ ከይዘቱም የተሰላ መለያ ይሰጠዋል። የኋለኛው መለያ የፊተኛውን ስለሚያካትት፥ ከቀደመው አንዲት ነጥብ ብትፋቅ የሚከተለው ሁሉ ይፋለሳል። ደግሞም ከ1,000 ለውጦች መካከል ብልሽት ያመጣውን ለመለየት፥ መካከለኛውን እየፈተኑ ግማሹን በመተው 10 ያህል ፈተና ይበቃል።

የመዝገብን ዋጋ በ2003 የሆነው ነገር ያስረዳል። ጊት ገና ሳይጻፍ፥ በኖቬምበር ወር፥ አንድ ያልታወቀ ሰው የከርነሉ ቅጂ በተቀመጠበት ማኅደር ሁለት መስመር አስገባ። ሁለት የእኩል ምልክት በሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነበረ። ይህች ጕድለት «እኩል ነውን?» የሚለውን ጥያቄ «እኩል አድርግ» ወደሚል ትእዛዝ ትለውጣለች፤ ውጤቱም ተራውን ተጠቃሚ የኮምፒዩተሩ ሙሉ አዛዥ ማድረግ ነበር። ተንኰሉ የታወቀው ቅጂው ከዋናው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ስላልተስማማ ነው።

እንግዲህ ጕድለቱ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ኮዱ በ2005 ወደ ጊት ሲገባ የቀደመው ታሪክ አብሮ አልገባም። ቶርቫልድስ ታሪኩ በእጅ እንዳለ፥ ነገር ግን 3.2 ጊጋባይት ያህል እንደሚሆንና ለጀማሪው መሣሪያ እንደሚከብድ ገልጸው ተዉት። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ዛሬ የአንድ አሮጌ መስመር ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ ዋናውን መዝገብ የጠየቀ ሰው፥ በብዙ ቦታ የሚያገኘው ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ነው። ብዙዎች ለዓመታት የደከሙበት ኮድ በአንድ ቀን በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ይመስላል። የቀደመው ታሪክ በሌላ ማኅደር ቢሰበሰብም፥ ካልተያያዘ ብዙ አንባቢ አይደርስበትም።

ሁለተኛውና ዋነኛው ጕድለት ከመሣሪያው ሳይሆን ከሰው ነው። ጊት ምን እንደተለወጠ ራሱ ያውቃል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን ለዋጩ ካልጻፈለት አያውቅም። ከርነሉን የሚያበጁት ሰዎች ከ2004 ጀምሮ እያንዳንዱ ለውጥ የአቅራቢውን ፊርማ እንዲይዝ ደንብ አውጥተዋል፤ ማብራሪያውም ችግሩን እንዲገልጥ ያዛሉ። ፊርማ ግን ኀላፊነትን ይመሰክራል እንጂ ምክንያትን አይናገርም። «ስሕተት ታረመ» ከሚል ቃል በቀር ያልተጻፈበት ለውጥ፥ ፊርማው የተሟላ ቢሆንም ድዳ ነው። በ10 ፈተና ወደ እርሱ የደረሰ መርማሪ ጥፋቱን ያገኛል፤ ለዋጩ ምን ሊጠቅም አስቦ እንደ ነበረ ግን ስለማያውቅ፥ ለውጡን ሲሰርዝ ሌላ ነገር ሊያፈርስ ይችላል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፥ ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ እንኳ ምክንያቱ ያልተጻፈበት ለውጥ ሳይገባ ለአቅራቢው መመለስ ይገባዋል። ይህ ሥራውን ያዘገያል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የዛሬው ለዋጭ ከ20 ዓመት በኋላ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ስለ እርሱ የሚመልስ መዝገቡ ብቻ ነው።