የሐኪሙን እጅ ማድመጥ

የድምፅ አውታር ቀዶ ሕክምና ለስሕተት ቦታ የለውም። በሌዘር ሲሠራ፣ ጨረሩ ጥቂት ከሳተ የታካሚው ድምፅ ለዘለቄታው ሊሻክር ይችላል። ስትሮንግ እና ጃኮ የተባሉ ሐኪሞች በ1972 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ለጉሮሮ ሕክምና ካስተዋወቁ ወዲህ፣ ጨረሩ በአብዛኛው የሚመራው ከማይክሮስኮፕ ጋር በተያያዘች ትንሽ ዘንግ ነው። የሚቆረጠው አካል ደግሞ ከመሣሪያው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን መልመድ ረጅም ልምምድ ይጠይቃል።

ጄኖቫ ያለው የጣሊያን የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ዘንጓን በዲጂታል ብዕርና በታብሌት ተኩ። እኔን ከፈጠራው በላይ የሚማርከኝ ፍተሻው ነው። ሰዎች በአሮጌውም በአዲሱም መሣሪያ አንድ ዓይነት መስመር በጨረር ይከተላሉ፤ ጨረሩ ከመስመሩ የወጣበት ርቀት ይለካል፤ ከዚያም የትኛው እንደተመቻቸው ይጠየቃሉ። ብዕሩ በትክክለኛነት በልጦ ተገኘ።

አይገርምም፤ እጃችን ከልጅነት ጀምሮ ብዕር ያውቃል። ውብ የሆነው ነገር፣ ይህን እውነት በግምት ሳይተዉ በልኬት ማረጋገጣቸው ነው። የሐኪሙን እጅ ያደመጠ መሐንዲስ፣ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ታካሚ ድምፅ ዘብ ቆሟል።