ስም የተጻፈበት መቃብር

ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ሆኖ ሴቨን ኮርነርስን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የትኛው መንገድ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ለመለየት ዓመታት ይፈጃል። ወደ ሥራ ስንሮጥ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ስናመጣ፣ እንጀራ ልንገዛ ስንወጣ ሁላችንም እዚያ መብራት ላይ ቆመን ብዙ ሰዓት አሳልፈናል። እኔም ስንት ዘመን ስመላለስበት ኖሬ፣ ያ መሬት የጦር ምሽግ እንደ ነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (የአሜሪካውን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን ዓመተ ምሕረት እጽፋለሁና አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደ ተጀመረ ከኒው ዮርክ የመጡ የሰሜን ወታደሮች በዚህ መገናኛ ላይ የአፈር ምሽግ ሠርተው በከተማቸው ስም ፎርት ቡፋሎ አሉት። በሌስበርግ ፓይክ ጥቂት ወረድ ብሎ ያለውን መንሰንስ ሂል የተባለ ኮረብታ ደግሞ የደቡብ ጦር ይዞት ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ደቡቦቹ ኮረብታውን ለቀው ሲሄዱ ሰሜኖቹ ወጥተው ቢያዩ፣ ለሳምንታት ሲፈሩት የከረሙት መድፍ ግንድ ሆኖ ተገኘ። መድፍ እንዲመስል ቀለም የተቀባ፣ አፉን ወደ ዋሽንግተን ያዞረ ግንድ!

ያንኑ መንገድ ይዞ ቁልቁል የነዳ ሰው፣ መንገዱ ስሙን ለውጦ ኪንግ ስትሪት ይሆንና አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ያደርሰዋል። ባለፈው ዓመት አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው የታወቀ ነው፤ ነጩ ቤት፣ የሊንከን ሐውልት፣ ከዚያ የገበያ አዳራሽ። እሳቸው ግን «ጉልበቴ ብዙ አያስኬደኝም፤ ከቤታችሁ የሚቀርበውን አሳየኝ» አሉኝ። በዚህ ምክንያት ከልጅነቴ ጀምሮ የማከብራቸውን ሴት አስከትዬ የአሌክሳንድሪያን የጦርነት ቅርሶች ዞርኩ። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው የጉዞ ማስታወሻ ሳይሆን ሂስ ነው። መጽሐፍ ከተሔሰ ከተማስ ለምን አይሔስም? መለኪያዬም አንድ ብቻ ነው፤ የማን ስም ተጻፈ፣ የማንስ ቀረ?

በመጀመሪያ ኪንግ ስትሪትና ፒት ስትሪት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ቆምን። ዛሬ ሆቴል ነው። በጦርነቱ ጊዜም ማርሻል ሐውስ የሚባል የእንግዳ ማረፊያ ነበረበት። ሜይ 24 ቀን 1861 የሰሜን ጦር ከተማዋን ሲይዝ የሊንከን ወዳጅ የነበረው ወጣቱ ኮሎኔል ኤልመር ኤልስወርዝ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የደቡቡን ባንዲራ አወረደ። ከደረጃው ሲወርድ የማረፊያው ባለቤት ጄምስ ጃክሰን ተኩሶ ገደለው፤ ጃክሰንም ወዲያው ተገደለ። ሁለት ሰው በአንድ ደረጃ ላይ ሞተ። ግድግዳው ላይ ለብዙ ዘመን ተለጥፎ የኖረው ጽሑፍ ግን የሚያወሳው ጃክሰንን ብቻ፣ ያውም እንደ ሰማዕት ነበር። የኤልስወርዝ ስም አልነበረበትም። ጽሑፉ የተነሳው በ2017 ነው።

ከዚያ ዋሽንግተን ስትሪት ከፕሪንስ ስትሪት ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ ሄድን። እዚህ መንገዱ መካከል ከ1889 ጀምሮ አንድ የነሐስ ወታደር እጁን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ቆሞ ነበር። አፖማቶክስ ይባላል። ከሥሩ ለደቡብ ሲዋጉ የሞቱ የከተማዋ ልጆች ስም በተራ ተቀርጾ ነበር። ጁን 2 ቀን 2020 ባለቤቱ የሆነው ማኅበር ራሱ አነሳው። እንደ ሥራ ካየነው ሐውልቱ መጥፎ አልነበረም። ድል አይፎክርም፤ ያዘነ ሰው ነው። ጥፋቱ የነበረው ብቻውን መቆሙ ነው። ከተማዋ ለብዙ ዘመን አንዱን ወገን ብቻ በስም ስትጠራ፣ በዚያው በዋሽንግተን ስትሪት አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት ላይ ሌሎች ሙታን ያለ ስም ተኝተው ነበርና።

እነዚያ እነማን ናቸው? ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር ከጌቶቻቸው እየሸሹ ወደ ሰሜን ጦር ሰፈር ጎረፉ። ጦሩም አልመልስም ሲል ያገኘው ሕጋዊ ሰበብ «ከጠላት የተማረከ ንብረት» የሚል ነበር። ነጻ የወጡት እንኳ በዕቃ ስም ነው። በሺህ የሚቆጠሩት አሌክሳንድሪያ ገቡ፤ ብዙዎቹም በበሽታና በችግር አለቁ። በ1864 መቃብር ተከፈተላቸውና እስከ 1869 መጀመሪያ ድረስ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎች ተቀበሩበት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ የእንጨት ምልክቱ በሰበሰ፣ ቦታው ተረሳ፤ በ1955 የቤንዚን ማደያ ተሠራበት። ጥንት ታክሲ ይነዱ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል በዚያ ማደያ ነዳጅ የሞላ አይጠፋም። በማን ራስ ላይ እንደ ቆመ ግን ማን ነገረው?

እነዚህን ሰዎች ከመረሳት ያተረፋቸው አንድ መዝገብ ነው። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡን ያስያዘው የስደተኞቹ ኃላፊ የነበረው ቄስ አልበርት ግላድዊን ሲሆን፣ ሰውየው በጥቁሮቹ ዘንድ የሚወደድ አልነበረም። ለሰሜን ሲዋጉ ቆስለው ሆስፒታል ገብተው የሞቱ ጥቁር ወታደሮችን እንኳ ከነጮቹ ጓደኞቻቸው ለይቶ በስደተኞቹ መቃብር ያስቀብር ነበር። በዲሴምበር 1864 በሉቨርቸር ሆስፒታል የተኙ ከ400 በላይ ጥቁር ቁስለኞች «ለአገራችን የሞትን ወታደሮች ነን፤ ከወታደር ጋር እንቀበር» የሚል አቤቱታ አቀረቡና አሸነፉ። የጓደኞቻቸው አስከሬን ወጥቶ ወደ ወታደሮቹ መቃብር ተዛወረ። እንዲህ ያለው ኃላፊ ያስያዘው መዝገብ ነው እንግዲህ የሟቾቹን ስም ለእኛ ዘመን ያደረሰው። ቸር ሰው ባይሆንም ጻፈ። ስንት ቸር ሰው ሳይጽፍ ሞቷል!

ማደያው ፈርሶ ቦታው በ2014 መታሰቢያ ሆኖ ተመረቀ። የማሪዮ ቺዮዶ ሐውልት በመግቢያው ቆሟል፤ እሾህና ጽጌረዳ ተጠላልፎ ወደ ላይ የሚወጡ ሰዎችን ያሳያል። በበኩሌ ሐውልቱ ትንሽ ይበዛበታል፤ ያለ ነገሩ ሁሉንም በአንዴ ሊናገር ይፈልጋል። ትልቁ ሥራ የስሞቹ ግድግዳ ነው። በነሐስ ላይ ስምና ዕድሜ ተጽፏል፤ ሌላ ነገር የለም። ቻር ማካርጎ ባ የተባሉ የዘር ሐረግ ተመራማሪ በዚህ ዝርዝር ተነስተው የሟቾቹን በሕይወት ያሉ ዘመዶች ፈልገው አገኙ። ስም ከተጻፈ ዘመድ ይገኛል ማለት ነው።

አክስቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ «ይህ ማነው? ስንት ዓመቱ ነው?» ይሉኛል፤ እኔ አነብላቸዋለሁ። የጨቅላ ሕፃን ስም ላይ ስንደርስ ቀጥል አላሉኝም። ቆም ብለው «ይችን እንኳ ጽፈዋታል» አሉ።

ዱክ ስትሪት ቁጥር 1315 ያለውን ቤት ለመጨረሻ ያቆየሁት ከባድ መሆኑን ስለማውቅ ነበር። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ከ1828 ጀምሮ ሰው እየገዙ በሺህ የሚቆጠሩትን ወደ ደቡብ፣ ወደ ናቼዝና ኒው ኦርሊንስ ያሻገሩበት ቤት ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የሰሜን ጦር እስር ቤት አደረገው። ከተማዋ በ2020 ገዝታው በ2022 ፍሪደም ሐውስ ሙዚየም ሆኖ እንደገና ተከፈተ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጥበቱም ይጠቅመዋል። ትልልቅ ሙዚየሞች የሚያጡትን ነገር ያስጨብጣል፤ ይህ ሁሉ የሆነው ተራ ጎዳና ላይ፣ ተራ በሚመስል የጡብ ቤት ውስጥ፣ በደረሰኝና በሒሳብ መዝገብ ነው።

ማሳሰቢያዬ ለፎርት ዋርድ ነው። ብዙ ሐበሾች ከሚኖሩበት ሰፈር ብዙም የማይርቀው ይህ ፓርክ፣ በጦርነቱ ጊዜ በዋሽንግተን ዙሪያ ከተሠሩት ከ160 በላይ ምሽጎችና የመድፍ ቦታዎች እጅግ በጥሩ ሁኔታ ከተጠበቁት አንዱ ነው። የአፈሩ ግድግዳ ታድሷል፣ በሩ እንደ ነበረው ተሠርቷል፣ ሙዚየሙም ንጹሕ ነው። ግን ከጦርነቱ በኋላ ጥቁር ቤተሰቦች በዚያው መሬት ላይ ቤት ሠርተው፣ ወልደው፣ ሙታናቸውን ቀብረው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ከተማዋ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ቦታውን ለፓርክ ስትወስድ ተነሱ። ምሽጉ በጦርነት ያገለገለው አራት ዓመት ነው፤ ሰዎቹ የኖሩበት ሦስት ትውልድ ያህል ነው። አራቱ ዓመት ግንብና በር ሲያገኝ ሦስቱ ትውልድ የሰሌዳ ጽሑፍ ነው የደረሰው። ይህ ሚዛን ገና መስተካከል አለበት።

ሰውን ሲነቅፉ የራስን ቤት መርሳት አይገባም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሴቨን ኮርነርስ መብራት ላይ እንደ ቆምን አክስቴ «የእኛዎቹስ የት ተጻፉ?» አሉኝ። የስድስት ኪሎ ልጅ ናቸው፤ የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ነው ያደጉት። አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት ያ ሐውልት፣ በእኔ አስተያየት፣ በአዲስ አበባ ካሉት ሁሉ በሥራው የሚበልጥ ነው። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ሰዎች የፈጸሙትን ጭፍጨፋ በነሐስ ያሳያል፤ አይቶ ያላዘነ የለም። ምን እንደ ተደረገ ይነግረናል። በማን ላይ እንደ ተደረገ ግን በስም አይነግረንም። ስለ ቁጥሩ እንከራከራለን፤ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አለ፣ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ወደ 19,000 ገደማ ይላሉ። ቁጥር የሚከራከሩበት ነገር ነው። ስም ግን የሚጠሩት ነገር ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ቢሆን ለነገሥታቱና ለጦር አዝማቾቹ ተገቢውን ክብር ሰጥቷል። ስንቅ ተሸክማ የዘመተችው ሴት ግን በወል ስሟ እንጂ በራሷ ስም የምትጠራበት ቦታ የላትም። ከዚህ ሁሉ የተሻለ የሞከረው በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ፎቶግራፍ፣ ስም፣ አጽም፤ ከዚያ መከራ የተረፉ ሰዎችም ራሳቸው ያስጎበኙበታል። ሐውልት እንደ ሰው መናገር ሲያቅተው ሰው እንደ ሐውልት ቆሞ ተናገረ።

«መዝገብ ሳይኖረን ስም ከየት እናመጣለን?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ የአሌክሳንድሪያው መዝገብ ለእኛ የለንም። ነገር ግን የእኛ መዝገብ ዛሬ በሌስበርግ ፓይክ ግራና ቀኝ ባሉ አፓርታማዎች ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ነው። ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባቶችና እናቶች አሉን። ጎረቤታቸው የነበረውን፣ አብሯቸው ተማሪ የነበረውን፣ አንድ ሌሊት ወጥቶ የቀረውን ሁሉ እስከ አያቱ ስም ይጠሩታል። እኛ ደግሞ ስልካችንን እያየን «እሺ እማማ» እንላለን።

አክስቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ ለእኔ አጎቴ ነው። በ1970 ዓ.ም. ከቤት ወሰዱት፤ አስከሬኑ አልተሰጠም። ቤተሰቡም ፈርቶ ፎቶግራፉን ሁሉ አቃጠለ። «ፎቶ የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ በምን ይሰቀላል?» ይሉ ነበር ስለ ሙዚየሙ በተነሳ ቁጥር። በዚያ ምሽት ግን ሌላ ነገር አሉኝ። «ደብተር አምጣ» አሉ። የወንድማቸውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የተወለደበትን ሰፈር፣ የሚወደውን ኳስ ቡድን፣ የወጣበትን ቀን አንድ በአንድ አስጻፉኝ። ለዚህ መጽሔት ላወጣው ብጠይቃቸው «አስቀድሞ በቤቱ ይጻፍ» አሉኝና ትእዛዛቸውን ጠብቄአለሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ አሌክሳንድሪያ ከዚህ ሩቅ አይደለችም፤ ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ። ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ አንድ ደብተር ገዝተው ወደ እናትዎ ቤት ጎራ ይበሉ። ከተማዋ ስህተቷን ለማረም 150 ዓመት ፈጅቶባታል። የእኛ ምስክሮች ያን ያህል ዕድሜ የላቸውም።