በላ ልበልሃ በቴሌቪዥን መስኮት

የድራማ ሕይወቱ ግጭት ነው። ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ሁለቱም የሚያገኙት ብቻ ሳይሆን የሚያጡትም ነገር አላቸው፤ ተመልካቹ ደግሞ ማን እንደሚረታ አስቀድሞ አያውቅም። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መድረኩ ቢያብረቀርቅ፣ ሙዚቃው ቢያስገመግም፣ ባለታሪኩ ቢያለቅስ ትርዒቱ ነፍስ አይዘራም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአገራችን ጣቢያዎች የተለመዱት የንግድ ሐሳብ ውድድሮች፣ «ነጋድራስ» እና «ችግኝ ጦቢያ» በሚሉ ስሞች የቀረቡትና መሰሎቻቸው፣ ስለ ሥራ ፈጠራ ትምህርት የሚሰጡ መስለው ቢታዩም በመሠረቱ ድራማዎች ናቸው። ስለዚህም በዚሁ የድራማ ሚዛን መመዘናቸው ተገቢ ነው።

ሚዛኑን ለመያዝ አምቦና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ይልቅ ይመቻሉ። ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለአማርኛ ቲያትር ከባድ የሆነውን ቃለ ተውኔት ከማበርከቱ በፊት በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ንግድና ተውኔት በአንድ የአምቦ ልጅ ሕይወት ውስጥ ጎን ለጎን አልፈዋል ማለት ነው። ዛሬ በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠው ተመልካች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ዝም ብሎ አያይም። እህል ነጋዴው፣ ባለ ወፍጮው፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ስለ ወጪና ስለ ትርፍ የራሱ ስሌት አለው። ተወዳዳሪው ቢሳሳት ያርመዋል፤ ዳኛውንም ይጠይቀዋል። የዳኛው ጆሮ ግን ከመስታወቱ ወዲያ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ትውልድ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ኒፖን ቴሌቪዥን «የገንዘብ ነብሮች» ተብሎ ሊተረጎም በሚችል ስም ተጀመረ፤ በ2005 የእንግሊዙ ቢቢሲ «የዘንዶዎች ዋሻ» አለው፤ በ2009 በአሜሪካ «ሻርክ ታንክ» ሆነ፤ በ2016 ኬንያ ሲደርስ አንበሳ ሆነ። ነብር፣ ዘንዶ፣ ሻርክ፣ አንበሳ! በየአገሩ ባለ ገንዘቡ አውሬ ነው። የእኛዎቹ አዘጋጆች አንዱ ችግኝን፣ ሌላው የጥንት የነጋዴ አለቃን ማዕረግ መምረጣቸው የሚያስመሰግን የስም አወጣጥ ነው። የጎደለው ግን ከስሙ በታች ነው።

በጃፓኑና በተከታዮቹ ትርዒት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የራሱን ገንዘብ ይዞ መጥቷል። ከሳተ ይከስራል፤ ካለፈ ይቆጨዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሻርክ ታንክ ባዶ እጁን የተመለሰው የበር ደወል ሠሪ ድርጅቱን በ2018 ለአማዞን የሸጠው በቢልዮን ዶላር በሚቆጠር ዋጋ ነው። ያን ዕለት «አልፈልግም» ያሉት ሰዎች ፊት ለተመልካች ዛሬም ድራማ ነው። በአገራችን ከታዩት ውድድሮች ግን ብዙዎቹ የሽልማት ውድድሮች ናቸው። ገንዘቡ ከደጋፊ ድርጅት ወይም ከመንግሥት ተቋም ይመጣል፤ ዳኛው ነጥብ ይሰጣል፤ ቢሳሳት የሚጎድልበት ሳንቲም የለም። ይህ የአዘጋጆቹ ኃጢአት አይደለም። በአገሩ ለጀማሪ ድርጅት ገንዘቡን አጋልጦ የሚሰጥ ባለ ሀብት ጥቂት በሆነበት ጊዜ ሽልማት ከምንም ይሻላል። በድራማው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ግልጽ ነው። የማይከስር ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ስለት የለውም። «ደንበኛህ ማን ነው?» ይላል፤ መልሱን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ቆሞ፣ ስንት ደንበኛ፣ የት፣ ባለፈው ወር ስንቱ ተመልሶ ገዛ እያለ ያፋጥጠው ነበር።

አማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ለዚህ ዓይነቱ መፋጠጥ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ በትራቸውን እየሰበቁ፣ «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር፤ ሕዝቡም እንደ ቲያትር ከቦ ያዳምጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ውርርዱ ነው። ተሟጋቹ ለቃሉ ማር ያስይዛል፤ ጉዳዩ ሲከርም በቅሎ ወይም ፈረስ ያስይዛል፤ የተረታ ይከፍላል። ጥያቄውም ከሁለቱም ወገን ይወረወራል፤ ጠያቂ ሆኖ ብቻ የሚቀር የለም። የቴሌቪዥኑ ውድድር ከዚህ ባህል ድምቀቱን ወስዶ ፍትሑን ትቶታል። ብዙ ጊዜ ዳኛው «አንተ» ሲል ተወዳዳሪው «እርስዎ» ይላል። ተወዳዳሪው ስንት እንደሸጠ፣ ስንት እንደከሰረ፣ ቤተሰቡ ምን እንዳለ ይናገራል፤ ዳኛውን «እርስዎስ በዚህ ዘርፍ ምን ሠርተው ያውቃሉ? ገንዘብዎን ብቀበል ከድርሻዬ ስንቱን ይወስዳሉ? በክፉ ቀን ከእኔ ጋር ይቆያሉ?» ብሎ የሚጠይቅበት ተራ ግን አይሰጠውም። በጌዶ አካባቢ በሚገኘው በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ሲቀመጥም ነገር የሚያልቀው በምክክር እንጂ በደወል አልነበረም።

የደቂቃው ነገር ቀላል አይደለም። ለሙከራ ያህል በእነዚህ ዳኞች ፊት የአምቦን ውሃ ማቅረብ ይቻላል። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። አንድ ሰው ወደ መድረኩ ወጥቶ «ከመሬት ፈልቶ የሚወጣ፣ ጋዝ ያለው፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ውሃ በጠርሙስ አድርጌ ልሸጥ ነው» ቢል ምን ይባል ነበር? ውሃ በየጓሮው እየፈሰሰ ማን ይገዛል ይባላል፤ ጠርሙሱ ከውሃው ይበልጥ ይወደዳል ይባላል፤ መንገዱ ይነሣል። ጥያቄዎቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። መልሱ ግን በሦስት ደቂቃ ንግግር ውስጥ የለም። መልሱ ባዶው ጠርሙስ በሳጥን ሆኖ ከቡና ቤቱ ወደ ፋብሪካው በመመለሱ፣ ታጥቦ እንደገና በመሞላቱ፣ አከፋፋዩም ባዶውን ሳያስረክብ ሙሉውን ባለመረከቡ ውስጥ ነው። ንግሥናን፣ አብዮትን፣ መወረስንና ወደ ግል መዛወርን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የገባውን የውጭ የቢራ ኩባንያ ባለድርሻነትም ተሻግሮ ስሙ የጸናው ምርት ካሜራ ሊያሳየው ትዕግሥት በሌለው በዚህ የጠርሙስ ምልልስ ነው የቆመው።

ከአምቦ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የጀልዱ ድንች ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በጀልዱ ደጋ ገበሬዎች ለዘር የሚሆን ድንች በማባዛት የታወቁ ናቸው፤ በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች በእነርሱ እጅ ይራባሉ። ለምግብ የሚሆነው ድንች አዝመራው ሲደርስ በአንድ ጊዜ ገበያውን አጥለቅልቆ ዋጋው ይወድቃል። ለዘር የሚቀመጠው ግን ሌላ ዕጣ አለው። ማከማቻው ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ፣ ብርሃን በስሱ የሚገባበት፣ ድንቹ በመደርደሪያ ላይ ሳይደራረብ የሚዘረጋበት ጎጆ ነው። በጨለማ ተከምሮ የከረመ ድንች ነጭና ረጅም ቡቃያ ያወጣል፤ ሲነካ ይሰበራል። በብርሃን የከረመው አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ቡቃያ ይዞ ለመሬት ይደርሳል። ልዩነቱ ጎጆው ነው፤ ትርፉም ከዚያው ነው።

አሁን የዚህ ጎጆ ባለቤት መድረኩ ላይ ይውጣ። ዳኛው «ምኑ ላይ ነው አዲስነቱ?» ብሎ ይጠይቃል። ስልክ ላይ የሚጫን ነገር አይደለም፤ ስሙ በባዕድ ቋንቋ አይጠራም፤ ትርፉም ክረምት ከበጋ ይጠብቃል። እዚህ ላይ የፕሮግራሙ ቅርፅ ይዘቱን አሸነፈው ማለት ይቻላል። አዲስነትን ከጥቅም፣ አንደበትን ከሥራ በላይ የሚያስቀምጠው የዳኞቹ ክፋት ሳይሆን የሰዓት ቆጣሪው ነው።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የምዕራብ ሸዋ ገበያ በአብዛኛው በኦሮምኛ ይውላል፤ ዋጋ የሚቆረጠው፣ ዱቤ የሚሰጠው፣ ሽርክና የሚፈርሰው በኦሮምኛ ነው። ተወዳዳሪው በአማርኛ መድረክ ላይ ሲቆም ሐሳቡን እየተረጎመ ይናገራል፤ ያንኑ አማርኛ ደግሞ ዳኞቹ «ፒች»፣ «ማርኬት»፣ «ቢዝነስ ሞዴል» እያሉ ሦስተኛ ቋንቋ ይጨምሩበታል። ለአፍታ ቢያመነታ ሐሳቡ ያልበሰለ ይመስላል። ገበያ የሚል ቃል ባለበት አገር «ማርኬት» ማለት ምን እንደሚጨምር ለመረዳት ያስቸግራል፤ ምናልባት ለወንበሩ ከፍታ ይጨምር ይሆናል። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ካሜራውን አምቦ ገበያ ውስጥ ተክሎ ተመሳሳይ ሙግት በባለቤቶቹ ቋንቋ ቢያሳይ፣ አንደበተ ርቱዕነት ያነሰው ማን እንደሆነ በአንድ ምሽት ይለይ ነበር።

ስለ ትረካ ፊልሙም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ተወዳዳሪው ከመግባቱ በፊት የሕይወት ታሪኩ በሐዘን ዜማ ታጅቦ ይታያል፤ እናት እንጀራ ስትጋግር፣ ልጅ በጭቃ መንገድ ሲሄድ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ተወዳዳሪ ይህን ሳይከፍል አያልፍም። እንባው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ተመልካቹን ከፍርድ ወደ ርኅራኄ ያሻግረዋል፤ ዳኛውም ጠንከር ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ያፍራል። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት የምጣዷንና የማገዶዋን ዋጋ፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ የሚወጣውን እንጀራ ብዛት ብትጠየቅ ከልጇ የተሻለ ተወዳዳሪ ልትሆን ትችል ነበር። እርሷ ግን የተፈለገችው ለምስሉ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ፕሮግራሞቹ የሚመሰገኑበት ሰዓት አለ። ተወዳዳሪው የምርቱን ዋጋ ሲናገር የራሱን ድካም አለመቁጠሩ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። ዳኛው «ደመወዝህስ የታለ?» ሲለው ዝምታ ይሆናል፤ ሙዚቃም አያስፈልግም። ሻይ ቤቱም ዝም ይላል፤ ከተመልካቹ መካከል ሱቅ ያለው ሁሉ ያንን ጥያቄ ለራሱ ይጠይቃልና። እንዲህ ያለች አንዲት ቅጽበት ብዙ ንግግር የማያስተምረውን ታስተምራለች። ሕጉን የሚያውቅ ዳኛ ደግሞ የበለጠ ሊሠራ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትን፣ ሰብልንና መሣሪያን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። «ቤት የለሽም እንጂ በሬ አለሽ» ብሎ ለአንዲት የጊንጪ ነጋዴ በካሜራ ፊት መንገር ከአሥር የማበረታቻ ጭብጨባ ይበልጣል።

«ነጋድራስ» የሚለው ስም ያስታወሰው ሰው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበረው ይህ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሞተ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ የአገር ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚመነጭ፣ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገርም በልውውጡ እንደሚጎዳ አስረድቷል። እርሱ የጉምሩክ በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ያየ ሰው ነበር። በስሙ ማዕረግ የተጠራ ትርዒት በር ላይ ቆሞ ጭነቱን ይፈትሽ ይሆን ወይስ ተጓዡን ብቻ ያደንቅ ይሆን?

አብዛኛው ክፍል የሚያልቀው በመጨባበጥ ወይም በትልቅ የካርቶን ቼክ ነው። በአሜሪካው ትርዒት እንኳ በካሜራ ፊት ከተጨበጡት እጆች ብዙዎቹ ሒሳቡ ሲመረመር ውላቸው ተለውጧል ወይም ፈርሷል። የእኛው ተመልካች ግን ከመጨባበጡ በኋላ ያለውን የሚያይበት ዕድል እምብዛም አያገኝም፤ ባለፈው ዙር የተሸለመው ሱቁን ይክፈት ይዝጋ፣ ሠራተኛ ይቅጠር ያሰናብት፣ ለማወቅ በራሱ መጠየቅ አለበት። በጉደር መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው አከፋፋይ ባዶ ጠርሙሶቹን ቆጥሮ ሳጥኑን እየዘጋ ነው፤ ነገ ጠዋት ሙሉውን የሚረከበው በዚያው ቁጥር ልክ ነው።