«እሺ» ያለ ሁሉ ገብቶታልን?

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የወጣው መግለጫ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክፍሎችን ሲዘረዝር በቀዳሚነት ያስቀመጠው የጤና ትምህርትን ነው። በኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ምክርን ከጤና ተቋም አውጥቶ እስከ ቤተሰብ ደጃፍ አድርሶታል። ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክር ዋና ሥራዋ ነው። በሆስፒታል ግን ምክር ከምርመራና ከመድኃኒት በተረፈች ደቂቃ የሚሰጥ ተጨማሪ ነገር እየሆነ መጥቷል። በተለይም ለወረዳው ሕዝብ ቅርብ በሆነው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚሰጠው የዕለት ተዕለት ምክር እንደ ማንኛውም ሕክምና ሊመዘንና ሊተች ይገባዋል።

በመጠበቂያ አዳራሽ ጧት ጧት የሚሰጠው ትምህርት ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ባለሙያ ቆሞ ይናገራል፤ የደም ግፊት ያለበት ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃን ያቀፈችው እናትና እጁ የተሰበረው ወጣት አንድ ላይ ያዳምጣሉ። በመጨረሻ «ገባችሁ?» ሲባሉ «እሺ» ይላሉ። በመዝገብም ርእሱና የታዳሚው ቁጥር ይሰፍራል። ትምህርቱ መሰጠቱ ተመዝግቧል፤ መያዙን ግን የጠየቀ የለም። ለመሆኑ «እሺ» ምን ማለት ነው? በአማርኛ ተናጋሪው ባህል «እሺ» አብዛኛውን ጊዜ የአክብሮት ቃል ነው፤ «ሰምቻለሁ፣ አልቃወምዎትም» ማለት ነው። ይህን ጨዋነት እንደ መረዳት መቁጠር የምክር አሰጣጡ ዋና ጉድለት ነው።

ጉድለቱ በምክሩ ቃላት ውስጥም ይታያል። የደም ግፊት ያለበት ሰው «ጨው ቀንስ» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ሲሆን፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ይሁንና በብዙ ቤት በርበሬውና ሽሮው ገና ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ወጡ ላይ ጨው ያልጨመረው ታካሚ ምክሩን የፈጸመ ይመስለዋል፤ ባለሙያውም በቀጣዩ ቀጠሮ የግፊቱን ልክ አይቶ ወይ ይወቅሰዋል ወይ መድኃኒት ይጨምርለታል። ምክሩ ጨውን ጠቀሰ እንጂ ጨው የሚገባበትን ቦታ አልጠቀሰም። «በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አይግባበት» የሚለው አጭር ቃል ስለ ልብና ስለ ኩላሊት ከሚሰጥ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ በጓዳ ውስጥ ሥራ ይሠራል።

የወባ መድኃኒት የሆነው ኮአርተም ሌላው ምሳሌ ነው። በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይዋጣል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት «ሁለተኛውን ከስምንት ሰዓት በኋላ» ሲባል ግን ሐረጉ በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። የመጀመሪያውን ከጧቱ 4 ሰዓት የዋጠ ሰው ሁለተኛውን መዋጥ ያለበት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ አነጋገሩን በሰዓት ቁጥር የተረዳ ሰው ግን ልክ 8 ሰዓት እንዳለፈ፣ ማለትም በአራት ሰዓት ልዩነት ሊውጠው ይችላል። «ዛሬ ማታ በ12 ሰዓት» ቢባል ኖሮ ጥርጣሬ ባልተፈጠረ ነበር። መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ሰውነት እንዲሰርጽ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል፤ «ከወተት ጋር» የሚለው የተለመደ ምክር ግን በጾም ወራት ለሚጾመው ሰው አይጠቅመውም። ለእርሱ በዘይት የተሠራ ወጥ መጥቀስ የባለሙያው ድርሻ ነው።

ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው የአይረን እንክብልም እንዲሁ ነው። ቡናና ሻይ አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሳሉና ከእንክብሉ አንድ ሁለት ሰዓት መራቅ አለባቸው። እንክብሉ ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህም ጉዳት የለውም። ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ደንግጣ መድኃኒቱን ብታቆም የምትወቀሰው እርሷ አይደለችም።

ከሁሉ በላይ የተዘነጋው ግን አስታማሚው ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ታካሚውን የሚያበላ፣ የሚያጥብ፣ መድኃኒት የሚገዛና ወደ ቤት ወስዶ የሚንከባከብ አስታማሚ ነው። ሆኖም የሐኪሞች ጉብኝት ሲጀመር የመጀመሪያው ትእዛዝ «አስታማሚዎች ውጡ» የሚል ነው። ለሥርዓትና ለታካሚው ምስጢር ሲባል ማስወጣቱ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የወጣው ሰው በታካሚው ፈቃድ ተመልሶ ካልተጠራ፣ ምክሩ የሚነገረው ለደከመው ሕመምተኛ ብቻ ይሆናል፤ ወጥ የሚሠራው፣ ቁስል የሚያጥበውና ቀጠሮ የሚያስታውሰው ሰው ሳይሰማ ይቀራል።

የአነጋገር ወግም ከሕክምናው ተለይቶ መታየት የለበትም። በሽማግሌነታቸው በቀዬአቸው የሚከበሩ አባት በካርድ ክፍል «አንተ» ሲባሉ፣ አያት የሆኑ እናት «አንቺ ነይ» ተብለው ሲጠሩ የሚጎዳው ክብራቸው ብቻ አይደለም። የተዋረደ ሰው አይጠይቅም፤ ያልጠየቀም «እሺ» ብሎ ይወጣል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የነበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። «እርስዎ» የሚለው ቃል የዚህ አጀንዳ ርካሹ መሣሪያ ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው መልስ የታካሚው ብዛትና የጊዜ ማነስ ነው። መልሱ እውነትነት አለው፤ አንድ ባለሙያ ረጅም ወረፋ ከፊቱ ተሰልፎ እያየ በእርጋታ ማስተማር ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ችግሩ የጊዜ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ በስኳር ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት ሐኪሞች በምክራቸው ካነሷቸው 124 አዳዲስ ነጥቦች መካከል ታካሚው መያዙን ያረጋገጡት በ15ቱ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ባረጋገጡላቸው ታካሚዎች ዘንድ የተሻለ የስኳር ቁጥጥር ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መንሥኤና ውጤትንም አያረጋግጥም። ሆኖም ማስተማርና ማረጋገጥ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን በግልጽ ያመለክታል።

ስለሆነም የሚሻለው ብዙ ተናግሮ ጥቂት ከማስያዝ፣ ጥቂት ተናግሮ ሁሉንም ማስያዝ ነው። አሥር ነጥብ ከሚደረደር፣ ለዚያ ታካሚ የሚያስፈልጉት ሁለት ሦስት ነጥቦች ተመርጠው፣ አስታማሚው ባለበት ይነገሩ። ከዚያም «ገባዎት?» በማለት ፈንታ «ቤት ሲደርሱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ይንገሩኝ፤ በደንብ ማስረዳቴን ለማወቅ ነው» ይባል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ፈተናውን ከታካሚው ላይ አንሥቶ በባለሙያው ላይ ያደርገዋል። መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ ምክሩ በሌላ ቃል ይደገማል እንጂ ታካሚው አይገሠጽም። የሆስፒታሉ መዝገብም ትምህርቱን ስንት ሰው እንደ ሰማ ከመቁጠር አልፎ ስንት ሰው በራሱ ቃል መልሶ እንደ ተናገረ መያዝ ይኖርበታል። እስከዚያ ድረስ በሪፖርት የሚቀርበው የጤና ትምህርት ቁጥር የንግግር ቁጥር እንጂ የትምህርት ቁጥር ሊባል አይችልም።