ቆሞ ማልቀስ፦ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» እና እኔ

ኢሞ የሚባለውን ሮክ የወደድኩት ግጥሙ ሳይገባኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ የዶርም ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ የማይ ኬሚካል ሮማንስን «ዘ ብላክ ፓሬድ» አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አልበም ነው። «ታማሚው» የሚባል በካንሰር የሚሞት ሰው አለ፤ ሞት የሚመጣለት በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሆኖ ባየው የማርሽ ባንድ ሰልፍ መልክ ነው። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ አንብቤ ነው። ያኔ የገባኝ ጩኸቱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አባቴ ሞተ። አረቅጥ ስደርስ ጀፎሮው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ሙሾ እያወጡ፣ ወንዶቹ እየዞሩ ያለቅሳሉ። እኔን ግን ያገኘኝ ሽማግሌ ሁሉ «አይዞህ፣ የቤቱ ትልቅ አንተ ነህ፣ እናትህን አጽናና» ይለኛል። አጽናናሁ። አላለቀስኩም። ተመልሼ ፈተና ተፈተንኩ፣ ፕሮጀክት አስረከብኩ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄን ያውቃል፦ ኤረር አልታየም ማለት ፕሮግራሙ ሠርቷል ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ኤረሩን ዝም አሰኝተነው ነው።

«ኤርታሌ»ን በደንብ የሰማሁት በዚያ ዓመት ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ የጂጂን የ2001 አልበም የሠራው ሰውዬ። ስሙ አፋር ውስጥ ካለው እሳተ ገሞራ የመጣ ነው። እስቲ አስቡት፤ በኪቦርድና በድራም ማሽን ያደገ ጆሮ ድንገት የሚጮህ ጊታርና በሰው እጅ የሚመታ ከበሮ ሲገጥመው፣ ያውም በአማርኛ!

አማርኛ የሐዘን ዘፈን አጥቶ አያውቅም፤ ትዝታ አለን። ትዝታ ግን ለእኔ ተቀምጦ፣ አንገት ደፍቶ የሚያለቅስ ሰው ነው። ያኔ የፈለግኩት ቆሞ የሚያለቅስ ሙዚቃ ነበር። ጃኖዎች የኛኑ ዜማ ይዘው ጊታሩን ሲያስጮኹት ያንን አገኘሁ። ዜማው የምናውቀው ስለሆነ ጩኸቱ የውጭ አገር ሰው ጩኸት አይመስልም።

አልበሙ ጉድለት የለውም አልልም። ግጥሙ ከጊታሩ ወደኋላ የሚቀርባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሙዚቃው ተራራ ሊንድ ተነስቶ ቃላቱ የተለመደ የፍቅር ናፍቆት ላይ ይቆማሉ። መጀመሪያ ላይ ሌላም ቅሬታ ነበረኝ። ኢሞ የአንድ ሰው ኑዛዜ ነው፤ ክፍሉን ዘግቶ «እኔ ተጎድቻለሁ» የሚል ልጅ። ጃኖ ውስጥ ግን አራት ድምፃውያን ነበሩ፦ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለፃድቅና ሄዋን ገብረወልድ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ በመጨረሻ ሁሉም አብረው ይገባሉ። «ታዲያ የተጎዳው የቱ ነው?» እል ነበር።

ደጋግሜ ስሰማው ግን ጀፎሮው ትዝ አለኝ። እኛ ጋ ሐዘን የሚወጣው እንደዚህ ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ የማን ልቅሶ እንደሆነ ይጠፋል። ያ ቅሬታዬ ጉድለት ሳይሆን የአልበሙ ትልቁ ነገር ነበር። «ዘ ብላክ ፓሬድ»ም ቢሆን ብቻውን የሚሞተውን ሰው የሚሸኘው በሰልፍ ነው። ለቅሶ ላይ እኔን «የቤቱ ትልቅ» ብለው ከሰልፉ አውጥተውኝ ነበር፤ ሙዚቃው መልሶ አስገባኝ። አንድ ሌሊት ዶርም ውስጥ፣ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ በቃ አለቀስኩ። የዶርም ልጆች ዝም አሉኝ፤ እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ መስቀል አገር ቤት ገብቼ አልበሙን በላፕቶፕ ከፍቼው ነበር። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በጉራጊኛ «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። «ማንም፤ ዘፈን ነው» ብዬ ሳቅኩ። ከዚህ የተሻለ ሂስ ግን አላነበብኩም።

ካልሰማችሁት ሼፍል አታድርጉት። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ለቅሶ ቤት «አይዞህ፣ ጠንክር» የተባለ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ላኩለት።