ቃሉና ድርጊቱ፦ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ጨዋታ በተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የቀረበ ሂስ

በሙያዊ ቃላት አሰያየም ላይ የሚቀርብ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ በቃላት ዝርዝር ላይ ያተኩራል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይቀመጣል፤ ሐያሲውም አንዱን ቃል «ተስማሚ»፣ ሌላውን «ደካማ» እያለ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ግን ከዝርዝር ይልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር መመርመርን መርጠናል። ምክንያቱም ስያሜ የሚፈተነው ለብቻው ሲቆም ሳይሆን ከሌሎች ቃላት ጋር ተሰልፎ ሥራ ሲሠራ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚከተለው ነው፦

«ይህ ንድፍ አውጪ በትርፍ ጊዜው በመስመር ላይ ጨዋታዎችና በግል ኮምፒዩተሮች ላይ ፍላጎት አለው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከማንም ጽሑፍ አልቀዳነውም። ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ጨዋታ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ጽሑፎች የሚታየውን ልማድ እንዲወክል ራሳችን አቀናብረነዋል። ሰዋስዋዊ ግድፈት የለበትም። ከቃላቱም «ኮምፒዩተር» ከሚለው በቀር የውሰት ቃል አይገኝበትም፤ እሱም ቢሆን ከተለመደ ቆይቷል። ሆኖም የባዕድ ቋንቋ የማያውቅ አንባቢ ይህን ቢያነብ ስለ ሰውየውም፣ ስለ መሣሪያውም፣ ስለ ጨዋታውም ከእውነቱ የራቀ ሥዕል ይይዛል። ጉድለቱ ከቃላት እጥረት የመጣ አይደለም። ተርጓሚው ቃሉን አይቶ ድርጊቱን ባለማየቱ የመጣ ነው። ይህን ለማሳየት ቃላቱ ከተወለዱበት ሥራ ጋር እያስተያየን አንድ በአንድ እንመረምራቸዋለን።

1. ስለ ሰውየው

«ንድፍ አውጪ» የሚለውን እንቀበለዋለን። «ነደፈ» በአማርኛ ሦስት ሥራ አለው፤ ንብ ይነድፋል፣ ጥጥ በደጋን ይነደፋል፣ ዕቅድና ሕግም ይነደፋል። ሦስተኛው ፍቺ የረጋ በመሆኑ ለዚህ ጉዳይ ይበቃል። በከተማ የተለመደው «ዲዛይነር» የሚለው የውሰት ቃል በብዙ ሰው አእምሮ የልብስ ሙያተኛን ስለሚያስታውስ፣ «ነዳፊ» ወይም «ንድፍ አውጪ» የተሻለ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «በትርፍ ጊዜው» ከሚለው ነው። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለው ሐረግ ሁለት ፍርድ ይዞ ይመጣል፦ ጊዜው የተረፈ ነው፤ ዓላማውም ማሳለፍ ነው። ይህ ለካርታ ጨዋታ ይስማማ ይሆናል። እስቲ በታወቀ ሰው ላይ እንፈትነው። ስቲቭ ዎዝኒያክ በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተቀጥሮ የሒሳብ ማሽኖች የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበውን የሆምብሩ ኮምፒዩተር ክበብ ከደመወዝ ሥራው ውጭ ይካፈል ነበር። በ1976 በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ለገበያ የቀረበውን አፕል 1 የነደፈው ከዚህ ክበብ በቀሰመው መንፈስ ነው። የንድፉንም ቅጂ ለክበቡ አባላት ያለ ዋጋ አድሏል። በ1977 የወጣው አፕል 2 ደግሞ ቀለም፣ ድምፅና የጨዋታ መቆጣጠሪያ ኖሮት የተነደፈበት አንዱ ምክንያት፣ ዎዝኒያክ ቀደም ሲል ለአታሪ ኩባንያ የሠራውን «ብሬክአውት» የተባለ ጨዋታ በዚህ መሣሪያ ላይ ለመጫወት መፈለጉ መሆኑን ራሱ ገልጿል። ይህን ሁሉ «ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ መተርጎም ሥራውን ከሥራ ተራ ማውጣት ነው።

ከዚህ የከፋው ደሞዝ የማይከፈለውን ሠሪ «ሙያዊ ያልሆነ» ወይም «ሙያ የሌለው» ማለት ነው። በአማርኛ «ሙያ» ከክፍያ ጋር የተሳሰረ አይደለም። ወጥ አሳምራ የምትሠራ እመቤት ማንም ሳይከፍላት «ባለሙያ» ትባላለች፤ «ሙያ በልብ ነው» የሚለውም አባባል ሙያን ከውስጥ እንጂ ከደመወዝ መዝገብ አይፈልገውም። ስለዚህ በባዕዱ ቋንቋ «ባለሙያ ያልሆነ» የሚለው ስለ ክፍያ የሚናገር ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲመለስ በአማርኛ ስድብ ይሆናል። በቴአትርና በስፖርት የለመድነው «አማተር» የውሰት ቢሆንም ይህን ጉዳት አያደርስም፤ በእኛ አስተያየት «አማተር ነዳፊ» ማለቱ ይበቃል።

«ፍላጎት አለው» የሚለውም ሊታለፍ አይገባም። «መኪና የመግዛት ፍላጎት አለው» የተባለለት ሰው መኪናው ገና የሌለው ነው። «በግል ኮምፒዩተሮች ላይ ፍላጎት አለው» ሲባልም አንባቢው ገዢ እንጂ ሠሪ አይታየውም። «ይወዳል»፣ «ያዘወትራል»፣ «ልቡ ወደዚያ ያደላል» የሚሉ ቀና የአማርኛ አነጋገሮች እያሉ ይህን መዋቅር ከባዕድ መቅዳት አያስፈልግም ነበር።

2. ስለ መሣሪያው

«የግል» በአማርኛ በመጀመሪያ ደረጃ የባለቤትነት ቃል ነው። የግል ትምህርት ቤት፣ የግል ባንክ፣ የግል ሀብት እንላለን፤ ተቃራኒውም «የመንግሥት» ወይም «የሕዝብ» ነው። በዚህ ምክንያት «የመሥሪያ ቤቱ የግል ኮምፒዩተር» የሚል ሐረግ ሲጻፍ እርስ በርሱ ይጣላል። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ እንዴት የግል ይሆናል?

ግራ መጋባቱ የሚጠራው ወደ ነገሩ ታሪክ ስንመለስ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በየተርሚናላቸው ተቀምጠው ጊዜውን የሚካፈሉት የድርጅት መሣሪያ ነበር። «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው መጽሔት በጥር 1975 እትሙ የፊት ገጽ ላይ ያወጣው አልቴር 8800 ግን ገዢው ራሱ ገጣጥሞ የሚሠራበት ዕቃ ነበር። የቁልፍ ሰሌዳም ሆነ መስኮት አልነበረውም፤ በፊቱ ላይ በተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች እየታዘዘ በመብራቶች ይመልስ ነበር። አዲስ ነገሩ ንብረትነቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ያለ ወረፋና ያለ ፈቃጅ ብቻውን የሚያዝበት መሆኑ ነው። አይቢኤም ነሐሴ 12 ቀን 1981 ባወጣው መሣሪያ ስም ላይ ያኖረውም ቃል ይህንኑ የአንድ ሰው አገልግሎት ያመለክታል፤ መሣሪያው በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም ስሙ አልተለወጠም።

ይህን ልዩነት አማርኛ አያውቀውምን? ያውቀዋል፤ ያወቀው ግን በሌላ ሙያ ነው። በሠራዊት ቋንቋ «የነፍስ ወከፍ መሣሪያ» እና «የቡድን መሣሪያ» ይባላል። ወታደሩ የሚይዘው ጠመንጃ የመንግሥት ንብረት ነው፤ የሚሸከመውና የሚተኩስበት ግን አንድ ሰው ነው። «የነፍስ ወከፍ ኮምፒዩተር» ብንል ባለቤትነትን ሳንነካ አገልግሎቱን በትክክል እንገልጣለን።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አንዘነጋም። «የነፍስ ወከፍ» የጦር ሰፈርና የምጣኔ ሀብት ስታቲስቲክስ ሽታ አለው፤ «የግል ኮምፒዩተር» ደግሞ ሥር ሰዷል፤ ተራው ተናጋሪም «ፒሲ» ወይም «ላፕቶፕ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የተለመደውን ነቅሎ መጣል አይቻልም፤ አይገባምም። የምንጠይቀው፣ ተርጓሚው ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ ሲጽፍ ወይም «የግል» የሚለው የባለቤትነት ጥያቄ ሲያስነሣ፣ ሁለተኛ ቃል እንዳለው እንዲያውቅ ነው።

3. ስለ ጨዋታው

«የመስመር ላይ» የቀጥታ ቅጂ ነው። «መስመር» በአማርኛ የጽሑፍ ረድፍ፣ የስልክ ሽቦና የአውቶቡስ መንገድ ነው። ከዚያም አልፎ ወደ ሥነ ምግባር ይሻገራል፤ «መስመር ያዘ» ማለት ተስተካከለ፣ «ከመስመር ወጣ» ማለት ደግሞ ተበላሸ ነው። እናትን «ልጅዎ አሁን ከመስመር ውጭ ነው» ብንላቸው ኮምፒዩተሩ መዘጋቱን ሳይሆን የልጃቸውን ጠባይ አስበው ይደነግጣሉ። በባዕዱ ቋንቋ ቃሉ ሲወለድ ሽቦው እውነተኛ ሽቦ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ለሚጫወት ሰው ሽቦውም የለም። «የመረብ ጨዋታ» ማለትም አያዋጣም፤ ወዲያው የሚታሰበው መረብ ኳስ ነው። ስለዚህ አሁን በመለመድ ላይ ያለው «በይነ መረብ» ከሁሉ ይሻላል፤ «የበይነ መረብ ጨዋታ» ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የዚህ ጨዋታ ፍሬ ነገር መገናኛው ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው። በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትራብሾ በ1978 «መድ» የተባለውን ጨዋታ መጻፍ ጀመረ፤ በ1980 ሥራውን ሪቻርድ ባርትል ተረከበው። የተሠራበት መሣሪያ የነፍስ ወከፍ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው በጋራ የሚጠቀምበት ፒዲፒ-10 የተባለ ትልቅ ኮምፒዩተር ነበር። ከውጭ የሚገቡ ተጫዋቾች ሥራ በማይበዛበት የሌሊት ሰዓት ይፈቀድላቸው ነበር። ሥዕል አልነበረውም። ሁሉም በጽሑፍ ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነበዋል፣ ይመልስለታል። የብዙ ሰዎች የጋራ ዓለም የተፈጠረው እንግዲህ በጋራ መሣሪያ ላይ ነው።

የጨዋታው ስም የመጨረሻ ፊደል የሚወክለው ቃል በመዝገበ ቃላት «የምድር ቤት እስር» የሚል ፍቺ አለው። መዝገበ ቃላቱን ብቻ የተከተለ ተርጓሚ «የብዙ ተጠቃሚዎች ወህኒ» ብሎ ይመልሰዋል። ነዳፊዎቹ ግን ስሙን የወሰዱት «ዞርክ» ከተባለው ቀደምት ጨዋታ አንድ ቅጂ መጠሪያ ነው፤ እስራትን ለማመልከት አልነበረም። እንዲህ ያለው ስም አይተረጎምም፤ በድምፁ ተጽፎ ይብራራል።

ከዚህ ላይ «ጨዋታ» የሚለውን ቃላችንን እንመልከት። ልጆች በመስኮት የሚታየውን «ጌም»፣ ሌላውን «ጨዋታ» ይላሉ። ይህን የሕዝብ ልዩነት መዝገበ ቃላት ሊመዘግበው እንጂ ሊነቅፈው አይገባም። ግን ተርጓሚው «ጨዋታ»ን ጨርሶ ለመተው ቢነሣ ብዙ ያጣል። በአማርኛ ጨዋታ ወግም ነው። «ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል» ስንል ስለ ኳስ አይደለም፤ «እገሌ ተጫዋች ነው» የምንለውም ኳስ ስለሚያንከባልል ሳይሆን አብረውት ሲቀመጡ ጊዜው ስለማይታወቅ ነው። ባርትል በ1996 ባወጣው ጥናት የእነዚህን ጨዋታዎች ተሳታፊዎች በአራት ሲመድብ፣ አንዱን ክፍል የሰጠው ከሰው ጋር ለመነጋገር ሲሉ ብቻ ለሚገቡት ነው። በሌላ ቋንቋ አዲስ ስም የተፈለገለት ይህ ሰው በእኛ ቋንቋ ከጥንት ጀምሮ «ተጫዋች» ይባላል።

የቀሩት ሦስቱ ክፍሎችም ተርጓሚን ይፈትናሉ። ነጥብና ማዕረግ የሚሰበስበውን «ስኬት ፈላጊ» ማለት ይቻላል። የዓለሙን ጓዳ ጎድጓዳ የሚፈትሸው «አሳሽ» ይባላል። አራተኛው በባዕዱ ቋንቋ «ገዳይ» ነው፤ ነገር ግን በእኛ ፉከራ «ገዳይ» የጀግና ማዕረግ ሲሆን፣ ባርትል የሚለው ሌሎችን በማወክ የሚደሰተውን ነው። ለእሱ «ተንኳሽ» እንጂ «ገዳይ» አይሆንም።

4. ላልቶና ጠብቆ

ከዓረፍተ ነገራችን ውጭ ቢሆንም፣ ለነዳፊውም ለተጫዋቹም በየቀኑ የሚገጥመውን አንድ ቃል ሳንነካ ማለፍ አንችልም። እሱም «ይጫኑ» ነው። ላልቶ ሲነበብ ከ«ጫነ»፣ ጠብቆ ሲነበብ ከ«ተጫነ» ይመጣል። ፊደላችን መላላትና መጥበቅን ስለማያሳይ፣ «ፕሮግራሙን ይጫኑ» የሚለው ትእዛዝ «ፕሮግራሙን በኮምፒዩተሩ ላይ ያኑሩ» ወይም «የፕሮግራሙን ምልክት በጣት ይንኩ» ሊሆን ይችላል። አንባቢው የትኛውን እንደታዘዘ አያውቅም፤ ስሕተቱም የእሱ አይደለም።

መፍትሔው ከሥራው ይገኛል። አፕል 2 በመጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ከድምፅ ካሴት ላይ ይቀበል ነበር፤ ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ስለሚረሳ በየጊዜው እንደገና ይሰጠዋል። አህያ ጠዋት ተጭኖ ማታ እንደሚራገፍ ሁሉ፣ ለዚህ «ጫነ» ፍጹም ተስማሚ ነው። አንድ ጊዜ ገብቶ ለሚቀረው ግን በኢንዱስትሪ የለመድነው «ተከላ» አለ፤ ማሽን ይተከላል፣ ፕሮግራምም ሊተከል ይችላል። ለጣት ሥራ «ጠቅ ያድርጉ» ገብቷል። ሦስቱን ድርጊቶች በሦስት ቃላት ብንለያቸው አንባቢው ከግምት ይድናል።

5. መደምደሚያ

ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ቢጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ይህ አማተር ነዳፊ የነፍስ ወከፍ ኮምፒዩተርንና ብዙ ሰዎች አብረው የሚሳተፉበትን የበይነ መረብ ጨዋታ ከልቡ ይወዳል።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ነው አንልም። የምንለው፣ ለእያንዳንዱ ቃል የሰጠነው ምክንያት ከጎን ካለ መዝገበ ቃላት ሳይሆን ከተሠራው ሥራ የተገኘ መሆኑን ነው። ጥጥ ነዳፊው፣ ወታደሩ፣ ማሽን ተካዩና ወግ አዋቂው የሰጡን ቃላት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ተርጓሚው ግን ከእነሱ ሳይጠይቅ በባዕዱ መዝገበ ቃላት ፊት ቁሞ «አማርኛ ቃል የለውም» ይላል።

ይህ ወቀሳ እኛንም ይነካል። ስያሜ የምናወጣ ሰዎች በአብዛኛው የምንጀምረው ከውጭ ከመጣ የቃላት ዝርዝር ነው፤ ቃሉን የሚሠራበት ሰው አጠገብ ተቀምጠን እጁን አናይም። ዛሬ በቤቱ ጥግ ጨዋታ የሚነድፍ ወጣት ሥራውን በግማሽ እንግሊዝኛ የሚያስረዳው ቋንቋውን ስለናቀ አይደለም። ያቀረብንለት መዝገብ ሙያውን «ጊዜ ማሳለፊያ»፣ እሱንም «ሙያ የሌለው» ስላለበት ነው። መዝገበ ቃላት ሠሪው ከማኅደሩ በፊት ወደዚህ ወጣት ጠረጴዛ ቢሄድ፣ የሚፈልገውን ቃል ግማሹን እዚያው ያገኘዋል፤ የቀረውንም ከወጣቱ ጋር ተጫውቶ ያወጣዋል።